አባቴ ድርጅቱን በጭንቅላቱ ይዞት ነው የሚዞረው፤ እንዴት ልረከበው?

የአናጺው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

አባዬ ኮተቤ አካባቢ የቤት ዕቃ ማምረቻ አለው። በ1986 ዓ.ም. በአንድ መላጊያ ማሽንና በሁለት ሠራተኛ ነው የጀመረው። ዛሬ 14 ሠራተኞች አሉን። አልጋ፣ ቁምሳጥንና የወጥ ቤት ካቢኔት እንሠራለን። እኔ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። ወንድሜ አሜሪካ ነው የሚኖረው።

ባለፈው ጥር አባዬን ስትሮክ መታው። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፎልናል። ይናገራል፣ በከዘራ ይሄዳል። ቀኝ እጁ ግን እንደ ድሮው አይታዘዝለትም።

እሱ ተኝቶ ሳለ ወር ሞላ። የቼክ ፊርማው የእሱ ብቻ ነው። ለማንም ውክልና አልሰጠም። ቼኩን ሆስፒታል ይዤለት ሄድኩ። ደግፌ አስቀመጥኩት፣ ከሥሩ ደብተር አደረግኩለት፣ እንደምንም ፈረመ። ፊርማው የሕፃን ልጅ ጽሑፍ መሰለ። ባንኩ "አይመሳሰልም" ብሎ መለሰው። ጥፋተኛ አላደርጋቸውም፤ ደንባቸው ነው። እኔ ግን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሒሳቡ ላይ ገንዘብ አለ፣ 14 ቤተሰብ ደመወዝ ይጠብቃል፣ ማውጣት አልችልም። ከዕቁብ ጓደኞቼ ተበድሬ ከፈልኩ።

ሌላው ደብተሩ ነው። አባዬ ቀብዱንም፣ ዱቤውንም፣ የእንጨት ዕዳውንም የሚጽፈው አንድ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ላይ ነው። ስም አይጽፍም። "የሰሚቱ ሐኪም፣ ቁምሳጥን፣ ግማሽ" ይላል። የስንት ብር ግማሽ? የትኛው ሐኪም? እሱ ተኝቶ ሳለ አምስት ደንበኞች "ቀብድ ከፍለናል" ብለው መጡ። ሦስቱን ደብተሩ ላይ አገኘኋቸው። ሁለቱን አላገኘኋቸውም። አምኜ ተቀበልኳቸው፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

አሁን ተመልሷል። ጠዋት 2 ሰዓት መጥቶ በሩ ላይ ወንበሩን ይዞ ይቀመጣል። ስለ ወደፊቱ ላነሣበት ስል "ገና አልሞትኩም" ይለኛል። አለመሞቱ ነው እኮ ደስታዬ! ቢዝነስ ካርዴ ላይ "ምክትል ሥራ አስኪያጅ" ይላል። 5,000 ብር ለማውጣት ግን አሁንም እሱን አስፈቅዳለሁ።

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ምከሩኝ። አባቴን ሳላስቀይም እንዴት ልረከብ?

የመርካቶ ሱቅ

እህቴ፣ እንኳን አባትሽ ተረፉልሽ። የእኔ አባት አልተረፈም። የእኛን ልንገርሽ።

የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበረን። አባቴ ውክልና ሰጥቶኝ ስለነበር እኔ ነበርኩ ባንክ የምመላለሰው። ሁሉን ነገር የያዝኩ መስሎኝ ነበር። አባቴ ማክሰኞ ሌሊት አረፈ። ከቀብር በኋላ ባንክ ስሄድ ውክልናው ዋጋ የለውም ተባልኩ። ለካ ውክልና ከሰጪው ጋር አብሮ ይሞታል። ሒሳቡ ታገደ። የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ፍርድ ቤት ገባን። አምስት ልጆች ነን፤ አንዱ ውጭ ነው፤ የእሱ ወረቀት እስኪመጣ ብዙ ወራት ፈጀ። በዚህ መሀል ዕቃ በዱቤ የሚሰጠን ነጋዴ እጁን ሰበሰበ። አልፈርድበትም፤ የሚያምነው አባቴን ነበር።

ሱቁ ተዘጋ። ዕቃውን እየሸጥን ተካፈልን። 22 ዓመት የተሠራ ስም በስምንት ወር አለቀ። አሁን አባትሽ ቁጭ ብለው እያወሩሽ ነው። ዛሬውኑ ጀምሪ።

ልደታ

ሕግ ላይ ስለምሠራ ጥቂት ነገር ልጨምር።

የመርካቶው ወንድማችን ያለው ትክክል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውክልና በመርሕ ደረጃ ሰጪው ሲሞት ያበቃል። ስለዚህ ውክልና ለሕመም ጊዜ ነው የሚሆንሽ። ለዚያም ቢሆን ዛሬ አባትሽን ይዘሽ ውልና ማስረጃ ብትሄጂ ይሻላል። የባንክ ሥራ፣ የግብር ጉዳይ፣ የሠራተኛ ቅጥር በግልጽ ይጻፍ። ከስትሮክ በኋላ ስለሆነ ደግሞ አእምሯቸው ጤናማ መሆኑን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት አብሮ ቢያያዝ ደግ ነው። ኋላ "ሳይገባው ነው የፈረመው" የሚል ዘመድ አይጠፋም። ብዙ አይቻለሁ።

ትልቁ ጥያቄ ግን ድርጅቱ የማን ስም ላይ ነው? በአባትሽ የግል ንግድ ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ በሕግ ዓይን እሳቸውና ድርጅቱ አንድ ናቸው። እሳቸው ካለፉ ማሽኑም፣ ዕዳውም፣ የባንክ ሒሳቡም ውርስ ውስጥ ይገባል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ግን ማኅበሩ የራሱ ሰውነት አለው። የሚወረሰው ድርሻው ነው። ሥራ አስኪያጅ ካለ ሥራው ይቀጥላል። ድሮ ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ለእናንተ ግን አባትሽ፣ አንቺ፣ ምናልባትም ወንድምሽ በአንድ ላይ ብታቋቁሙ የሚሻል ይመስለኛል።

እናትሽን እንዳትረሺ። ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ ያፈሩት የጋራ ነው፤ ስለዚህ ግማሹ የእሳቸው ነው። እሳቸው ያልተስማሙበት ማስረከብ ነገ ጣጣ ያመጣል። ቀሪው ላይ ልጆች እኩል ወራሾች ናችሁ። ዘጠኝ ዓመት መልፋትሽን ሕጉ በራሱ አይቆጥርልሽም። ወይ በማኅበር ድርሻ ወይ በኑዛዜ አባትሽ ራሳቸው ሊያሳዩት ይገባል።

ኑዛዜ ከሆነ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ። ከምስክሮቹ አንዱ ሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ ግን ሁለት ምስክር ይበቃል። በእጃቸው ጽፈው ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡት ደግሞ በሰባት ዓመት ውስጥ ለሚመለከተው ክፍል ካልተሰጠ ይፈርሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዛቱ!

ሒሳብ ሠሪዋ

ስለ ደብተሩ ብቻ ልናገር። ቀብድ ገቢ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ዕቃው እስኪወጣ ድረስ የደንበኛው ገንዘብ ነው። አባትሽ ስንት ቀብድ እንደያዙ ካላወቅሽ ድርጅቱ ትርፍ ላይ ይሁን ኪሳራ ላይ አታውቂም። ስትረከቢ እሱንም ነው የምትረከቢው።

ደብተሩን አትቀሚያቸው። አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ መስመር በመስመር አስነብቢያቸው። አንቺ ኤክሴል ላይ ጻፊ። ስም፣ ስልክ፣ ጠቅላላ ዋጋ፣ የተከፈለ፣ የቀረ። እሳቸው የሚያስታውሱትን ካልጻፍሽው የትም አታገኚውም።

ፎርማኑ

እኔ ወራሽም አባትም አይደለሁም። ሠራተኛ ነኝ። አንድ ብረታ ብረት ቤት 16 ዓመት ሠራሁ። ባለቤቱ ደከሙ፤ ልጃቸው ከውጭ መጣ። አንድ ሰኞ ጠዋት "ከዛሬ ጀምሮ አለቃችሁ እሱ ነው" ተባልን። በቃ። እኛን የጠየቀ የለም። ልጁ ተምሯል፣ ክፉም አልነበረም። ግን ብየዳ አያውቅም፣ እኛንም አያውቀንም። በሁለተኛው ወር ሦስቱን ምርጥ ባለሙያዎች ደመወዛችሁ በዛ ብሎ አሰናበተ። ደንበኛው እነሱን ተከትሎ ሄደ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቤቱ ተዘጋ።

አንቺ ዘጠኝ ዓመት አብረሽ ስለሠራሽ የተሻለ ዕድል አለሽ። ቢሆንም ለሠራተኞቹ ንገሪያቸው። አባትሽ በታመሙ ጊዜ እያንዳንዱ ማታ ቤቱ ገብቶ "ሊዘጋ ይሆን?" ብሎ ከሚስቱ ጋር ሲያወራ አድሯል። እኔ እንደዚያ ነበርኩና አውቀዋለሁ።

የአናጺው ልጅ

ፎርማኑ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ሠራተኞቻችን ሌላ ቦታ ሥራ ሲጠይቁ እንደነበር ቆይቼ ሰምቼ ተቀይሜያቸው ነበር። አሁን ገባኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የእኛ ሰው ምግብ ቤቶችም ይኸው ነው ችግራቸው። እናቶቻችን በ80ዎቹና በ90ዎቹ ከፈቱ። ልጆቻቸው ነርስ፣ ኢንጂነር፣ ኮምፒውተር ባለሙያ ሆንን። ለዚህ ነው የለፉት። ግን ሬስቶራንቱን ማን ይያዘው?

የእኔ እናት የሸጠችው 11 ዓመት አብራት ለሠራችው ምግብ አብሳይ ነው። ልጅቷ የተጠራቀመ ገንዘብ አልነበራትም። ጥቂት ቅድሚያ ከፈለች፤ የቀረውን ከሽያጩ በየወሩ ለአምስት ዓመት ልትከፍል ተዋዋሉ። የቤቱ ኪራይ በእናቴ ስም ስለነበር አከራዩን ማስፈቀድ ነበረብን። ከዚያ ሁሉ የከበደው ግን ቅመሙ ነው። እማ በእፍኝ ነው የምትለካው። ልጅቷ ሚዛን አምጥታ እናቴ እፍኟን በዘረጋች ቁጥር እየመዘነች ጻፈች። "የወጥ ቤቱ ቁልፍ ይኼ ነው" አለችኝ እናቴ። ከባንኩ ወረቀት ይልቅ ያን ቀን ነው አልቅሳ የሰጠችው።

ፍራንክፈርት

እህት፣ እዚህ ጀርመን ተተኪ ያጡ ትንንሽ ድርጅቶች ብዙ ናቸው። ጉዳዩ የመንግሥትም ራስ ምታት ነው። "ኔክስት ቼንጅ" የሚባል ድረ ገጽ አለ። የኢኮኖሚ ሚኒስቴሩና ኬኤፍደብሊው የሚባለው የመንግሥት ባንክ አብረው የሚደግፉት ነው። ተተኪ የሚፈልግ ባለቤትና ድርጅት መግዛት የሚፈልግ ሰው የሚገናኙበት ነው። እኔ የምሠራበት ዳቦ ቤት የተሸጠው ለልጃቸው ሳይሆን አብሮን ለሠራ ማይስተር (የሙያ ማዕረግ ላለው ዋና ባለሙያ) ነው። አሮጌው ባለቤት አንድ ዓመት ሙሉ በአማካሪነት ቆዩ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የድንገተኛ ጊዜ ፋይላቸውን ነው። ንግድ ምክር ቤቶቻቸው "ይኑራችሁ" ይላሉ። ውክልና፣ የባንክ ሒሳቦች ዝርዝር፣ ውሎች፣ የይለፍ ቃሎች፣ የመጠባበቂያ ቁልፍ የት እንዳለ፣ ለማን እንደሚደወል። አንድ ማኅደር ነው። ባለቤቱ ዛሬ ቢወድቅ ነገ በሩ የሚከፈትበት ወረቀት ማለት ነው። ለዚህ ሀብታም አገር አያስፈልግም።

የእንጨት ሥራ ስላልሽ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጃፓን ውስጥ ኮንጎ ጉሚ የሚባል ቤተ መቅደስ የሚሠራ የአናጺዎች ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ578 ተመሥርቶ እስከ 2006 በአንድ ቤተሰብ እጅ ቆየ። ሁልጊዜ ለበኩር ልጅ አይደለም የሚያወርሱት። ጎበዝ አማች ካለ የቤተሰቡን ስም ይዞ ይተካል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደግሞ መሪው ሲሞት ሚስቱ ተረክባ አስቀጥላዋለች። በመጨረሻ ዕዳ ነው የጣላቸው እንጂ ተተኪ ማጣት አይደለም።

የአዳማ ዱቄት

ልጄ፣ እኔ የአባትሽ እኩያ ነኝ። ስለዚህ የሚጽፍልሽ አባትሽ እንደሆነ አድርገሽ አንብቢው።

እኛ ማስረከብ አናውቅም። ለምን መሰለሽ? መረከብንም አላየንማ። የእኔ አባት ወፍጮና ሁለት የሚያከራየው ቤት ነበረው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ ቤቶቹ ሄዱ። ወዲያው ደግሞ የግል ነጋዴ ላይ የካፒታል ጣሪያ መጣ። ለፋብሪካ 500,000 ብር ነበር። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ንግድ አይዝም ተባለ። አባቴ ለእኔ ያወረሰኝ ፍርሃቱን ነው። "ስምህን ወረቀት ላይ አታብዛ" ይለኝ ነበር። እኛ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከባዶ ጀመርን። ያኔ 30 ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ 60ዎቹን አጋምሷል። አዳማም፣ መርካቶም፣ ኮተቤም ያለነው መሥራቾች ባንድ ላይ ነው እያረጀን ያለነው። አባትሽ ደብተሩ ላይ ስም የማይጽፈው ተራ ልማድ ሆኖበት ላይሆን ይችላል። ጠይቂው።

ልጄ ወፍጮውን ሲረከበኝ 67 ዓመቴ ነበር። ስለ ገንዘቡ አልፈራሁም። የፈራሁት ጠዋቱን ነው። 30 ዓመት ያህል ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ጫማዬን አስሬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ነገ ጫማዬን አስሬ የት ነው የምሄደው? ልጆቼ ስለ አክሲዮንና ስለ ሥራ አስኪያጅ ሲያወሩኝ እኔ የሚሰማኝ "አንተ ከዚህ ቤት ውጣ" የሚል ነበር።

ልጄ ብልህ ነው። ጠረጴዛዬን አላነሣም። ባንኩንና ግብሩን ወሰደ፤ የስንዴ ግዢውን ለእኔ ተወው። ስንዴ ሲመጣ ጆንያው ውስጥ እጄን እከታለሁ፣ ሁለት ፍሬ አንሥቼ በጥርሴ እነክሳለሁ። ከተሰነጠቀ ደረቅ ነው። ከታመቀ እርጥብ ነው፤ አይገዛም። አሁን የእርጥበት መለኪያ ማሽን ገዝቷል። ቢሆንም ከመለካቱ በፊት "አባዬ ንከሰው" ይለኛል። አሁን የልጅ ልጄም ሲነክስ አየዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ጠንክረሽ ጠይቂ። ስም ተሰጥቶሽ ሥልጣን ካልተሰጠሽ "እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው" ነው። አባትሽን ሁሉንም ባንድ ቀን አትጠይቂው። "እስከ 50,000 ብር ድረስ እኔ ልወስን፤ ከዚያ በላይ እንመካከር" በይው። ከስድስት ወር በኋላ ከፍ አድርጉት። ስትሳሳቺም ይተውሽ። እኔ ልጄ የመጀመሪያ ዓመት በውድ ስንዴ ገዝቶ ሲከስር እያየሁ ዝም አልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም።

የአናጺው ልጅ

አባቴ፣ የጻፉልኝን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ "የአባትሽ አባትም ቤት ተወርሶበታል" አለችኝ። እኔ ይህን በ34 ዓመቴ ገና መስማቴ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የመርካቶ ሱቅ

ለወንድምሽ ነገሩን ሳታዘገዪ ንገሪው። እኛን ያጣላን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። "ሳይነገረኝ" የሚለው ነው።

የአናጺው ልጅ (ከስድስት ሳምንት በኋላ)

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል።

መጀመሪያ አባዬን ስለ አያቴ ቤት ጠየቅኩት። ስለ ድርጅቱ አላነሣሁም። ሁለት ሰዓት አወራኝ። ያን ማታ ነው ደብተሩን ራሱ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ እንቀመጣለን። እሱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። "የሰሚቱ ሐኪም" የጥርስ ሐኪም ነው። ያልወጡ 31 ትዕዛዞች አገኘን። ያመንኳቸው ሁለት ደንበኞችም እውነታቸውን ነበር፤ አባዬ ሁለቱንም አስታወሳቸው።

ለሠራተኞቹ አባዬ ራሱ ነገራቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኑን አጥፍተን ሻይ ጠጣን። "እስከ 50,000 እሷ ትወስናለች። እንጨት መምረጥ የእኔ ነው" አለ። ዋናው አናጺያችን "ዋንዛውንስ?" ብሎ ጠየቀ። "ዋንዛውንማ ማንም አይነካብኝም" አለው። ሁሉም ሳቁ። ሥራ ሲጠይቁ የነበሩት ልጆች አሁንም አብረውን ናቸው።

ወንድሜ መጀመሪያ ከብዶት ነበር። ሁለት እሑድ ተደዋወልን። በሁለተኛው እማዬም ነበረች። እሱ ማምረቻው ውስጥ አነስ ያለ ድርሻ ይኖረዋል፤ መኖሪያ ቤታችን ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከፍ ይላል። እማዬ ግማሿን ይዛ የማኅበሩ አባል ትሆናለች። ስንት በመቶ ለማን የሚለውን ገና አልጨረስንም። ማሽኖቹን የሚገምት ሰው እየፈለግን ነው።

ውክልናውን ከሐኪም ወረቀት ጋር ውልና ማስረጃ ፈርመናል። ባንክ ግን አዲስ የፊርማ ናሙና ጠየቀ። አባዬ በቀኝ እጁ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቱም ተለያዩ። ተናዶ ወጣ። በማግስቱ ማምረቻው ስደርስ በሩ ላይ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ የኮምፔርሳቶ ቁራጭ፣ በግራ እጁ የአናጺ እርሳስ ይዟል። ስሙን ከላይ እስከ ታች ደጋግሞ ጽፎታል። የላይኞቹ ይወላገዳሉ፤ ወደ ታች ሲሄድ ይቃናሉ። አራት ቀን ተለማመደ። ዓርብ ዕለት ባንክ ሄደን በግራ እጁ ፈረመ። እኔም ከሥሩ ፈረምኩ።

ልደታ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አባዬ ኑዛዜም ልጽፍ ብሏል። ዋናው አናጺያችን ምስክር ቢሆን ችግር አለው? እሱን ነው የሚያምነው።

ልደታ

አባትሽ በኑዛዜው ለእሱም የሚተውለት ነገር ካለ ምስክር አታድርጉት፤ ሌላ ሰው ፈልጉ። ከሌለ ይሁን። መታወቂያውን ይዞ ይምጣ፣ ሲነበብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሮ ይቀመጥ። ቀኑ ሳይጻፍ እንዳይቀር። ፊርማውም ባንክ ባስመዘገቡት በግራ እጃቸው ይሁን።